ነጠላ ብቅል

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሲል ሰዓቱ፣
ነፋስ ቆርቆሮውን ሲጎትት በብርቱ፣
እህቴ ኩለኒ መዶሻ አነሳች፣
የበርሜሉን ውታፍ ዙሪያውን መታች።
ሦስት ዓመት ከአራት ወር ስንጠብቀው ኖረን፣
"ፖ!" ብሎ ሲከፈት
የምንለው ጠፋን።

ያልገዛነው ነገር ብርጭቆ ብቻ ነው።
መዳቡ ተገዝቷል፤ ገብሱን ከበቆጂ በመኪናዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤
(መኪናዋ ራሷ ኋላ ተሸጠች፤
አሁን በርሜል ሆና ጥግ ላይ ተኝታለች።)
ለመቅመሻ ግን ያው የእማዬ መለኪያ፣
ጠርዙ የተሸረፈ፣ የጥንት መተዳደሪያ።

መጀመሪያ ለካን።
ሁለት መቶ ሊትር ነበረ ስንሞላው፤
መቶ ሠላሳ ስምንት ሆኖ አገኘነው።
"ማን ነው የቀዳው?" አለ ጋሽ ኤጀታ፣ ዓይኑ እኔ ላይ አርፎ።
ኩለኒ መጽሐፏን ገለጠች፤ "ተንኖ ነው፣ በእንጨቱ አልፎ።
በብርድ አገር ትንሽ ነው፤ የመላእክት ድርሻ ይሉታል።"
እማዬ ሳቀች፤
"እዚህ የወረዱትን ታዲያ ምነው እንዲህ ጠምቷቸዋል?"
እኔ ግን አውቃለሁ፤ አዳማ ናት የጠጣችው፤
ሚያዝያ ላይ፣ ጥላ ሲያጥር፣
ላባችንን፣ ኩሬውን፣ የራዲያተሬን ውኃ
ጭልጥ ስታደርግ ያየኋት።

ሸምሱ በር ላይ ቆመ።
የመዳቡን ድስት ቀጥቅጦ፣ አንገቱን አጥፎ የበየደው እሱ ነው፤
መጠጥ ግን በቤቱ አልገባም፣ በአፉም አልዞረ።
"እስቲ ወዲህ አስጠጉት" አለና በአፍንጫው ብቻ ቀመሰ፤
"አልሐምዱሊላህ፣ ብየዳዬ አይሸትም!" ብሎ ግንባሩን አበሰ።

እኔ ቀመስኩ።
ቀድሞ የመጣው ቆሎ ነው፣ ሊያርር ጥቂት የቀረው፤
ቀጥሎ ወይራ፣ ብቅሉን እንደ ጠላ ጋን ያጠንንበት፤
ከዚያ የበርሜሉ የቀድሞ ወይን፣ የዝዋይ፣ እኛ የረሳነው፤
ከዚያ እሳት።
እሳቱ ጉሮሮ ካለፈ በኋላ
አንድ ነገር ተመለሰ፣ ስም የሌለው፤
ሞጆን አልፌ ስመጣ፣ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ፣
የሰኔ የመጀመሪያ ጠብታ
አቧራውን ሲነካው ያለው።

ሰባተኛ ክፍል ፎርም ሞልቻለሁ።
"የእናት ሥራ" ይላል።
"የቤት እመቤት" ብዬ ጻፍኩ።
ያን ሰሞን ከአውቶቡስ ተራ ኋላ
በመቃው ጫፍ የምትንጠባጠበው ዳግም
ደብተሬ ነበረች፣ ጫማዬ፣ የኩለኒ የጆሮ መድኃኒት።
ቀበሌዎች ጋኗን የሰበሩባት ቀን
ድፍድፉ በቦዩ ወርዶ የጎረቤት ዶሮ ሰከረ፤
ሰፈሩ ሳቀ።
እኔም አብሬ ሳቅሁ፣
የማን እንደሆነ የማላውቅ መስዬ።

አሁን ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ነው፣ ባለ ማህተም።
"ዋና ባለሙያ" ከሚለው ጎን፦ ወይዘሮ አመለወርቅ።
በጣቷ ነው የፈረመችው፤
ምን እንደሚል እስካሁን አልጠየቀችም።
የጠርሙሱን ስም፣ "ነጠላ ብቅል" የሚለውን፣ ስናነብላት ብቻ
"ለብርድ ከሆነ ጋቢ አይሻልም?" አለች።

ተራዋ ደረሰ።
አልጠጣችም። ጣቷን ነከረች፣ ክብሪት ጫረች፤
ሰማያዊ ነበልባል ጥፍሯ ላይ ቆመ፣
እንደ ድሮው። እጇ አልተንቀጠቀጠም።
እፍ።
ከዚያ አንዴ ጎንጨት አለች፣ ምላሷን አዞረች።
የባንኩ ዕዳ ጥር ላይ ነው፤
ኩለኒ ትንፋሿን ያዘች።

"ገና ነው" አለች። "ልጅ ነው። ይጮኻል እንጂ አያወራም።
ሁለት ክረምት ይተኛ።"
ውታፉን ራሷ አነሳች፣
ቦታው መልሳ በመዳፏ መታች።

ማንም አልተነፈሰም።
ቆርቆሮው ብቻ።
እሷ ግን ጆጉ ውስጥ የቀረችውን አይታ
መለኪያዋን ወደ እኔ ዘረጋች፤
"እስከዚያው" አለች፣
"ድገመኝ።"